ዝም ብሎ የማይሞት የጨረር መለኪያ እንዴት ይሠራል?

እ.ኤ.አ. መስከረም 1987 ብራዚል ውስጥ፣ ጎያኒያ በምትባል ከተማ፣ አንድ የፊዚክስ ባለሙያ ሰዎችን ያሳመመው ጨረር እንደሆነ እንዲያጣራ ተጠራ። መለኪያ ተውሶ ሄደ። ገና ቦታው ሳይደርስ ሲያበራው ንባቡ ጥግ ነካ። ወዲህ አዞረው፣ ወዲያ አዞረው፤ ያው ነው። ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ሊለውጥ ተመለሰ። ሁለተኛውም ያንኑ ሲያሳይ ነው ነገሩ የገባው። የመጀመሪያው መለኪያ ምንም አልሆነም ነበር። ከተጣለ የሕክምና ማሽን የወጣ ሲዚየም 137 የተባለ ጨረር አፍላቂ ንጥረ ነገር ሰፈሩ ውስጥ ተበትኖ ነበር።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቼርኖቤል ላይ የሆነው ደግሞ ግልባጩ ነው። በእጅ የነበሩት መለኪያዎች ጣሪያቸው በሰዓት 3.6 ሮንትገን (የጨረር መለኪያ አሃድ) ነበር። ንባቡ ጣሪያው ላይ ቆመ። ጣሪያው ራሱ እንደ ልኬት ተቆጥሮ ወደ ላይ ሪፖርት ተደረገ። በአንዳንድ ቦታዎች እውነተኛው መጠን ከዚያ በሺህ እጥፍ ይበልጥ ነበር።

አንዱ እውነቱን ተናግሮ አልታመነም። ሌላው ከአቅሙ በላይ ተጠይቆ ታመነ። ሦስተኛ ዓይነትም አለ። ዜና ሆኖ አይወራም፤ እኔን ግን በየጊዜው የሚያጋጥመኝ እሱ ነው። የሞተ መለኪያ ዜሮ ያሳያል፤ ሰውም «ጎሽ፣ ንጹሕ ነው» ብሎ ያልፋል።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር ቀን ከሌት ለዓመታት ለሚሠራ፣ በጋይገር ሙለር ቱቦ (ጨረር በመታው ቁጥር አንድ የኤሌክትሪክ ምት፣ ፐልስ፣ በሚሰጥ ጋዝ የተሞላ ቱቦ) ለሚለካ ቋሚ መሣሪያ ነው። በሌላ ሴንሰር ብትሠሩም አብዛኛው ይጠቅማችኋል። የቱንም ያህል ብትጠነቀቁ መሣሪያው አንድ ቀን ይበላሻል። ዋናው ሥራ ሲበላሽ እንዲናገር ማድረግ ነው።

1. መጀመሪያ እንዴት ሊዋሽ እንደሚችል ጻፉ

ሰርኪዩት ከመሳላችሁ በፊት ወረቀት ውሰዱና ሦስት ዓምድ አስምሩ። ምን ሊበላሽ ይችላል? ያኔ ስክሪኑ ላይ ምን ይታያል? ማን ያውቃል? የሙያው ሰዎች ይህን ኤፍኤምኢኤ ይሉታል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ይኸው ነው።

ለምሳሌ ወደ ቱቦው አኖድ፣ ማለትም ወደ ፖዘቲቭ ጫፉ፣ የሚገባውን 5.1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር (ከረንት የሚገታ ዕቃ) እንውሰድ። ቢበጠስ ቱቦው ቮልቴጅ አያገኝም። ፐልስ የለም። ስክሪኑ ዜሮ ይላል። ማን ያውቃል? ማንም። ሾርት ቢያደርግስ? ቱቦው ውስጥ የተነሳው ዲስቻርጅ በቀላሉ አይጠፋም፤ ቆጠራው ያብዳል፤ ቱቦውም ዕድሜው ያልቃል። ማን ያውቃል? ማንቂያው ስለሚጮህ ሁሉም ያውቃል።

ሾርቱ ከብጥሱ የከፋ ይመስላል። ለሰው ግን ብጥሱ ይብሳል፤ ድምፅ የለውማ።

እያንዳንዱን ዕቃ እንዲህ እለፉት። ቢበጠስ፣ ሾርት ቢያደርግ፣ ዋጋው ቀስ በቀስ ቢንሸራተት። አንድ ቀን ሙሉ ይፈጃል፤ አሰልቺም ነው። ሦስተኛው ዓምድ ላይ «ማንም» የሚል መልስ የወጣበት መስመር ሁሉ የሥራ ዝርዝራችሁ ነው። ወረቀቱን አትጣሉት፤ እስከ መጨረሻው ያስፈልገናል።

2. ጨረር የማይበግረው ቺፕ ፍለጋ አትውጡ

ጀማሪዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ይህን ነው። ቺፑን ጨረር አይገድለውም ወይ? እስቲ እናስላው። ተፈጥሯዊው የአካባቢ ጨረር በሰዓት 0.1 ማይክሮሲቨርት አካባቢ ነው እንበል። በ20 ዓመት ተደምሮ 17.5 ሚሊሲቨርት ገደማ ይሆናል። ተራ ቺፕ መንገራገጭ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ በአሥርዎቹ ግሬይ ሲደርስ ነው (እዚህ ላይ ግሬይና ሲቨርት እኩል ናቸው ብላችሁ ውሰዱት)። ልዩነቱ ከሺህ እጥፍ በላይ ነው። ለሳተላይት የተሠራ ቺፕ ገዝታችሁ ሣጥኑ ውስጥ ውኃ ቢገባ ምን ዋጋ አለው?

ሪአክተር አጠገብ ወይም አክሰለሬተር ክፍል ውስጥ ከሆነ ነገሩ ይለያል። እዚያ ሴንሰሩን ውስጥ፣ ኤሌክትሮኒክሱን ከግድግዳው ማዶ አድርጉ። ኒውትሮን ባለበት ቦታ ኦፕቶካፕለር (ምልክትን በብርሃን የሚያሻግረው ዕቃ) ቀድሞ ይደክማል፤ እሱን አትመኑት።

3. ከፍተኛው ቮልቴጅ

ብዙ ሰው ከሚጠቀምባቸው ቱቦዎች አንዱ የሶቪየቱ ኤስቢኤም 20 ነው። የሚሠራው ከ350 እስከ 475 ቮልት ባለው ክልል ነው፤ የተለመደው 400 ቮልት ነው። በዚያ ክልል ውስጥ ቮልቴጁ ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢል ቆጠራው ብዙም አይለወጥም። በአንድ ቮልት 0.1 በመቶ ቢሆን ነው። ስለዚህ ቱቦው ታጋሽ ነው። ከክልሉ በታች ብዙ ሲወርድ ግን ቀስ ብሎ አይደክምም፤ ዝም ይላል።

አሁን ቮልቴጁን ለመለካት መልቲሜትር ታነሳላችሁ። እዚህ ላይ እኔ ራሴ ተሸውጃለሁ። ተራ መልቲሜትር የውስጥ ሬዚስታንሱ 10 ሜጋ ኦም ነው። እኔም በቀጥታ አኖዱ ላይ፣ ከ5.1 ሜጋ ኦሙ ሬዚስተር በኋላ ለካሁ። 265 ቮልት አሳየኝ። አነሰ ብዬ ማስተካከያዋን አዞርኩ፣ አዞርኩ፣ 400 እስኪል። ደስ አለኝ። መልቲሜትሩን ሳነሳው ቱቦው ላይ የቀረው 604 ቮልት ገደማ ነበር። ድምፅ ማጉያው እንደ ቆርቆሮ ላይ በረዶ መንጣጣት ጀመረ። ያቺ ቱቦ ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞዋ አልሆነችም። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫታለሁ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። 5.1 እና 10 ሜጋ ኦም ተከታትለው ቮልቴጁን ይካፈሉታል። 400 በ10 ተባዝቶ በ15.1 ሲካፈል 265 ይሆናል። መልቲሜትሩ አልዋሸም፤ እሱ ራሱ ያወረደውን ቮልቴጅ ነው ያሳየኝ።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ለከፍተኛ ቮልቴጅ የተሠራ 1 ጊጋ ኦም ሬዚስተር ከመልቲሜትሩ ጋር በተከታታይ አስገቡ። ያኔ ንባቡ በ101 ይካፈላል፤ 400 ቮልት 3.96 ሆኖ ይታያል። ከምንጩ የሚሳበው 0.4 ማይክሮአምፔር ብቻ ነው። ሥራውን ስትጨርሱ ምንጩን አጥፉና ካፓሲተሩ በሬዚስተር እስኪራገፍ ጠብቁ። 400 ቮልት ጣት ላይ ቀልድ አይደለም።

ይህ ለጠረጴዛ ሥራ ነው። መስክ ላይ ሲወጣ መሣሪያው ራሱ ቮልቴጁን በየጊዜው መለካት አለበት። ለዚህ የሚያገለግሉት ሬዚስተሮች ቮልቴጁን አካፍለው ያሳንሱታል፤ ዲቫይደር ይባላሉ። እዚህ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ቮልቴጁን የሚቆጣጠረው ዲቫይደርና ቮልቴጁን የሚመረምረው ዲቫይደር አንድ ከሆኑ፣ ያ አንዱ ሲሳሳት ሁለቱም አብረው ይሳሳታሉ። ተከሳሹን ምስክር አድርጎ እንደ መጥራት ነው። ለምርመራው ሌላ ዲቫይደር ሥሩ። ከ400 ቮልት በ5 በመቶ ከራቀ ብልሽት ብሎ ያውጅ። ወረቀታችሁ ላይ ጥቂት «ማንም»ዎች አሁን ተሰረዙ።

4. ቆሻሻና እርጥበት

ጊጋ ኦም ባለበት ሰርኪዩት የጣት አሻራ ራሱ እንደ ዕቃ ይቆጠራል። ማጋነን ከመሰላችሁ ይህን ተመልከቱ።

የመቆጣጠሪያው ዲቫይደር የላይኛው ሬዚስተር 1 ጊጋ ኦም ነው እንበል። ከሥሩ የብየዳ ፍላክስ (ብየዳው እንዲይዝ የሚደረግ ሙጫ መሰል ነገር) ቀርቷል። በበጋ ምንም ችግር የለም። ክረምት ሲገባ ፍላክሱ እርጥበት ይጠጣና ራሱ 1 ጊጋ ኦም የሚያህል መንገድ ይሆናል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ 500 ሜጋ ኦም ይሆናሉ። መቆጣጠሪያው ቮልቴጁ እጥፍ የሆነ ይመስለዋል። «በዛ» ብሎ ያወርደዋል። 400 የነበረው ወደ 200 ይወርዳል። ቱቦው ዝም ይላል። ስክሪኑ ዜሮ። ከሰዓት ፀሐይ ሲወጣ ቦርዱ ይደርቅና ሁሉም ነገር ይስተካከላል። ቴክኒሺያኑ ሲደርስ መሣሪያው ደህና ነው። ሰውየው ምንም አላገኘሁም ብሎ ይመለሳል።

ልብ በሉ፣ ያው ፍሳሽ በታችኛው ሬዚስተር በኩል ቢሆን እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አያመጣም፤ እሱ ጥቂት ሜጋ ኦም ብቻ ነውና። ጥንቃቄያችሁን የላይኛው ሬዚስተርና የአኖዱ መስመር ላይ አድርጉ። እዚያ ቦርዱ ላይ ቀጭን ክፍተት ሰንጥቁ፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል አየር ይግባ።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮልና በብሩሽ እጠቡ። ቀጥሎ በሞቃት አየር አድርቁ፤ እኔ 60 ዲግሪ ላይ ጥቂት ሰዓት አቆየዋለሁ። ከዚያ በኋላ በጓንት ብቻ ንኩ። በመጨረሻ መከላከያ ቫርኒሹን ቀቡ። ሳያጥቡ መቀባት ቆሻሻውን ከነእርጥበቱ አሽጎ ማስቀመጥ ነው፤ ከናካቴው ባይቀባ ይሻል ነበር።

ሣጥኑስ? ድፍን አድርጋችሁ አትዝጉት። ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ በጎማው በኩል እርጥብ አየር ይስባል፤ የገባው ውኃ ግን አይወጣም። አየር አሳልፎ ውኃ የሚከለክል መተንፈሻ ግጠሙለት። ኬብሉ ከታች ይግባ፤ ከመግባቱ በፊትም ወደ ታች ይታጠፍ፣ ጠብታው እዚያው እንዲወድቅ። እርጥበት መጣጭ ከረጢቱ ይጠግባል፤ ተስፋችሁን ሁሉ እሱ ላይ አትጣሉ።

5. ዕቃ መምረጥ

እዚህ አጭር እሆናለሁ፤ የተለመደው የኤሌክትሮኒክስ ጥንቃቄ ነው። የሚረሳው የሬዚስተር ቮልቴጅ ነው። 0805 የሚባለው ትንሹ ሬዚስተር አብዛኛውን ጊዜ የሚችለው 150 ቮልት ነው፤ 1206 ደግሞ 200። 400 ቮልት ላይ አንዱን ብቻ ካስቀመጣችሁ ዋጋው እየተንሸራተተ ይሄዳል። ሦስት አራቱን አከታትሉ።

ለከፍተኛው ቮልቴጅ ካፓሲተር ከሚሠራበት እጥፍ የሚችል ምረጡ። ሴራሚክ ካፓሲተር ቦርዱ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ከብሎን ቀዳዳ አርቁት። ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ከተጠቀማችሁ ሙቀቱን አስቡ። በግምት በየ10 ዲግሪው ቅዝቃዜ ዕድሜው በእጥፍ ይጨምራል። በ105 ዲግሪ 2,000 ሰዓት የተባለው በ45 ዲግሪ 128,000 ሰዓት ይሆናል። 14 ዓመት አለፈ ማለት ነው። ፀሐይ ላይ በዋለ ጥቁር ሣጥን ውስጥ ግን ይህን ቁጥር እርሱት።

ቱቦውን ደግሞ በቀጥታ አትበይዱት። በመቆንጠጫ ያዙት። የብየዳው ሙቀት ማሸጊያውን ይጎዳዋል፤ ጋዙ ከወጣ አለቀ። ከቀድሞዎቹ በአልኮል ትነት ከሚሠሩት ይልቅ ሃሎጅን ያለበትን ምረጡ። የአልኮሉ ትነት በእያንዳንዱ ቆጠራ ትንሽ ትንሽ ያልቃል፤ ሃሎጅን ግን ከተለያየ በኋላ መልሶ ይገናኛል።

6. ፈርምዌሩ (መሣሪያው ውስጥ ያለው ፕሮግራም)፦ ዝምታን መቁጠር

ወደምወደው ክፍል ደረስን። በጨረር መለኪያ ሥራ ተፈጥሮ አንድ ነፃ ስጦታ ሰጥታናለች። ጨረር የሌለበት ቦታ የለም። ከመሬቱ ይመጣል፣ ከሰማይ ይመጣል። ጤነኛ ቱቦ ሁልጊዜ ይጮኻል። ስለዚህ ፍጹም ዝምታ ራሱ የብልሽት ምልክት ነው።

ግን ስንት ሰከንድ ዝም ካለ ነው ሞተ የምንለው? ፐልሶቹ ሰዓት ጠብቀው አይመጡም። አንዳንዴ ሦስቱ ተከታትለው ይመጡና ከዚያ ለረጅም ጊዜ ጠፍተው ይቆያሉ። ቱቦው በደቂቃ በአማካይ 20 ጊዜ ይቆጥራል እንበል። በቀን 28,800 ፐልስ ማለት ነው። ከመጨረሻው ፐልስ በኋላ 30 ሰከንድ ዝም ሲል ማንቂያ እንዲሰጥ ብታደርጉት፣ ቱቦው ጤነኛ ሆኖ ሳለ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ በከንቱ ይጮኻል። ወደ 60 ሰከንድ አሳድጉት። አሁን በከንቱ የሚጮኸው በ46 ዓመት አንዴ ነው። እጥፍ ብቻ በመጠበቅ ከየቀኑ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት! የማያምን በወረቀት ያስላው። በአማካይ 10 በሚመጣበት ጊዜ ውስጥ አንድም ያለመምጣት ዕድሉ ከመቶ ሺህ 4.5 ነው፤ በ20 ሲሆን ከቢሊዮን 2።

ለራሳችሁ ቱቦ ራሳችሁ አስሉ። ትንሽ ቱቦ ከሆነ በደቂቃ 10 ብቻ ሊቆጥር ይችላል፤ ያኔ 60 ሰከንዱ 120 ይሁን።

ሌላው ጥግ መጥለቅለቅ ነው። ቱቦው ከእያንዳንዱ ፐልስ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ደንቆሮ ይሆናል። ለኤስቢኤም 20 ይህ ሙት ጊዜ 190 ማይክሮሰከንድ ገደማ ነው። በሰከንድ 1,000 ከቆጠራችሁ እውነተኛው 1,235 ገደማ ነው፤ የተቆጠረውን ከ1 ላይ ቆጠራውና ሙት ጊዜው ተባዝተው በተቀነሱበት ታካፍላላችሁ። ይህ ቀላሉ ነው። የሚያስፈራው ከዚያ በላይ ያለው ነው። ጨረሩ በጣም ሲበረታ ቱቦው ከድንቁርናው ሳይነቃ ሌላው ይመታዋል። ፐልሶቹ ያንሳሉ፣ ቆጠራው ዝቅ ይላል፣ ከዚያም ዜሮ ሊገባ ይችላል። ሰውን ሊገድል በሚችል ጨረር ውስጥ ቆሞ ዜሮ የሚያሳይ መለኪያ ማለት ነው።

እንዴት ይለያል? በቱቦው ውስጥ የሚያልፈውን አማካይ ከረንት ለኩ። የሞተ ቱቦ ፐልስም ከረንትም የለውም። የተጥለቀለቀ ቱቦ ፐልሱ ይጥፋ እንጂ ከረንቱ ከፍ ብሎ ይቀራል። ከካቶዱ ወደ መሬት በሚሄደው መስመር ላይ አንድ ሬዚስተርና አንድ የማይክሮኮንትሮለር እግር ይበቃል። «ፐልስ የለም፣ ከረንት አለ» ሲሆን ስክሪኑ ላይ በትልቁ «ከልክ በላይ፤ ራቅ» ይጻፍ። ቁጥር አታሳዩ። ጣሪያውንም እንደ ልኬት አታሳዩ፤ ቼርኖቤልን አስታውሱ።

ዋችዶጉን (ፕሮግራሙ ሲቀረቀር መሣሪያውን እንደገና የሚያስነሳውን ሰዓት ቆጣሪ) በተመለከተ፣ ብዙ ሰው በታይመር ኢንተራፕት (በየተወሰነ ጊዜ ዋናውን ሥራ አቋርጦ በሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ውስጥ ሆኖ ያድሰዋል። ዋናው ፕሮግራም ተቀርቅሮ እያለ ኢንተራፕቱ ግን መሥራቱን ይቀጥላል፤ ዋችዶጉም ሁሉ ሰላም ነው ይላል። ከዋናው ዑደት መጨረሻ ላይ ብቻ አድሱት፤ ያውም ቆጠራው፣ የቮልቴጅ ምርመራውና ስክሪኑ ሦስቱም ሥራቸውን ከጨረሱ። የካሊብሬሽን ቁጥሮችን (ቆጠራውን ወደ ጨረር መጠን የሚለውጡትን) በሦስት ቦታ ከነማረጋገጫ ድምራቸው አስቀምጡ። አንዱ ከሌሎቹ ከተለየ በሁለቱ ይታረም፤ ሦስቱም ከተለያዩ መለካቱን ያቁምና ይናገር።

7. ውጤቱ ሲወጣ

እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ ውስጥ በስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ጣቢያ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ የነበረች አንዲት መብራት ጠፍታ ነበር። ኦፕሬተሮቹ የግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ ተዘግቷል ብለው አሰቡ። መብራቷ ግን የምታሳየው የቫልቩን ሁኔታ ሳይሆን የተላከለትን ትእዛዝ ነበር። ቫልቩ ክፍት ሆኖ ተቀርቅሮ ነበር።

ስለዚህ በመሣሪያችሁ ላይ ያለች አረንጓዴ መብራት ምን እንደምትናገር ጠይቁ። መብራት ገብቷል ነው የምትለው? ወይስ ቱቦው ቆጥሯል፣ ቮልቴጁ ልክ ነው፣ ፕሮግራሙ ነቅቷል? የመጀመሪያው ከሆነ ንቀሏት።

የማንቂያው ሪሌ (በከረንት የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ሁሉ ነገር ደህና ሲሆን ከረንት ይዞ የሚቆይ ይሁን። ገመዱ ቢበጠስ፣ ፊውዙ ቢቃጠል፣ ሪሌው ይለቃል፤ ማንቂያውም ይጮኻል። ረጅም ኬብል ካላችሁ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር የሚለውን የቆየ ዘዴ ተጠቀሙ። ዜሮ ንባብ 4 ሚሊአምፔር ነው፤ የተበጠሰ ገመድ ግን 0 ነው። ከ3.6 በታች ሁሉ ብልሽት ነው። ስክሪኑም ልኬት በሌለው ጊዜ «0.00» አይበል። ሰረዝ ይሥራ።

8. መብራትና መገናኛ

እ.ኤ.አ. መጋቢት 2011 ከመሬት መንቀጥቀጡና ከሱናሚው በኋላ በፉኩሺማ ግዛት ከነበሩት 24 ቋሚ የጨረር መከታተያ ጣቢያዎች 23ቱ ከጥቅም ውጭ ሆኑ። ውኃ የወሰዳቸው ነበሩ፤ መገናኛቸው የተቋረጠም ነበሩ። የተሠሩለት ቀን ሲመጣ አልነበሩም።

መሣሪያችሁ የሚያስፈልገው መብራት በሚጠፋበት፣ ኔትወርክ በሚጨናነቅበት ቀን ነው። ልኬቱን እዚያው ሜሞሪ ላይ ይመዝግብ፤ መስመር ሲመለስ የተጠራቀመውን ይላክ። ባትሪው ስንት ቀን እንደሚችል በስሌት ሳይሆን ሶኬቱን ነቅላችሁ እወቁ። ሊቲየም ታዮኒል ክሎራይድ ባትሪ ለዓመታት ይቆያል፤ ግን ሥራ ፈቶ ሲከርም ውስጡ ሽፋን ያበጅና ሞደሙ ድንገት ከረንት ሲጠይቀው ቮልቴጁ ይወርድበታል። ትልቅ ካፓሲተር አጠገቡ አድርጉ። ተቀባዩ ሰርቨር በበኩሉ ሪፖርት በሰዓቱ ካልመጣ «ምንም የለም» ብሎ አይለፍ፤ ይደውል።

ሦስት ሴንሰር አድርጌ በድምፅ ብልጫ እወስናለሁ ካላችሁም ጥሩ ነው። ሦስቱ ከአንድ ፓወር ሰፕላይ የሚቀለቡ ከሆነ ግን አንድ ናቸው።

9. ከመውጣቱ በፊት አሠቃዩት

የሚሞት ዕቃ ብዙውን ጊዜ በልጅነቱ ይሞታል። ቢያንስ ሦስት ቀን በ50 ዲግሪ አሠሩት። ከዚያ ወደ እርጥበት አስገቡት። ሙቅ ውኃ ያለበት ሳህን ከመሣሪያው ጋር ትልቅ ፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ዝጉና አሳድሩት። ሌሊቱን ሙሉ የቮልቴጁን መዝገብ ተመልከቱ። አራተኛው ክፍል ላይ ያወራነው ፍሳሽ የሚወጣው እዚህ ነው።

ቀጥሎ ዎኪ ቶኪ አምጡ። አጠገቡ ሆናችሁ ደጋግማችሁ አውሩ፣ በድምሩ 10 ደቂቃ። በደቂቃ 20 ለሚቆጥር ቱቦ 200 ትጠብቃላችሁ። ተፈጥሯዊው መዋዠቅ የ200 ስኩዌር ሩት ነው፤ 14። የዚያን ሦስት እጥፍ፣ 42፣ ፍቀዱለት፤ ከ158 እስከ 242 ድረስ አትደንግጡ። ከዚያ ከወጣ ሬዲዮው እየቆጠረላችሁ ነው። ሣጥኑንም በጣት አንኳኩ፤ ማንኳኳቱ ከተቆጠረ አንድ ቦታ ላይ ልል ግንኙነት ወይም የሚንቀጠቀጥ ሴራሚክ ካፓሲተር አለ።

አሁን ያንን ወረቀት አውጡ። እያንዳንዱን ብልሽት በእጃችሁ ፍጠሩት። የአኖዱን ሽቦ ንቀሉ። የላይኛው ዲቫይደር ላይ 1 ጊጋ ኦም ጨምሩ። ሰዓቱን ያዙ። መሣሪያው በስንት ደቂቃ ተናገረ? ካልተናገረ «ማንም» የሚለው ቃል አልተሰረዘም ማለት ነው።

ለእውነተኛ ጨረር ፍተሻ ፈቃድ ያለው የሲዚየም 137 መፈተሻ ካላችሁ ቀኑን አትርሱ። ግማሽ ዕድሜው (ጨረሩ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 30 ዓመት ገደማ ስለሆነ በየዓመቱ 2.3 በመቶ ይደክማል፤ በአምስት ዓመት 11 በመቶ። ንባቡ ቢቀንስ መሣሪያውን አትክሰሱ። ከሌላችሁ ንጹሕ ፖታሲየም ክሎራይድ አለ። በግራም 16 ቤክሬል ገደማ (በሰከንድ 16 አተሞች ይፈርሳሉ ማለት ነው) አለው፤ ከተፈጥሮው። ለካሊብሬሽን አይሆንም፤ «ቱቦው ያያል ወይ?» ለሚለው ግን ይበቃል። ሁልጊዜ በአንድ መያዣ፣ በአንድ ርቀት አስቀምጡት።

10. በስንት ጊዜ ይፈተሽ?

ኤምቲቢኤፍ (በሁለት ብልሽቶች መካከል ያለው አማካይ ጊዜ) የሚባለው ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። የአንድ መሣሪያ የብልሽት መጠን 1,000 «ፊት» (FIT የሚባለው መለኪያ) ከሆነ፣ ማለትም በቢሊዮን ሰዓት 1,000 ጊዜ፣ ኤምቲቢኤፉ አንድ ሚሊዮን ሰዓት ነው። 114 ዓመት። ያ ማለት ግን 114 ዓመት ይኖራል ማለት አይደለም። መቶ መሣሪያ ከተከላችሁ በ14 ወር ገደማ አንዱ ይበላሻል ማለት ነው። መለዋወጫ ስትይዙ ይህን አስቡ።

ዋናው ጥያቄ ከብልሽቶቹ ስንቱ ድምፅ የለውም የሚለው ነው። ዝም ያለው ብልሽት በሚሊዮን ሰዓት አንድ ጊዜ ይከሰታል እንበል። በዓመት አንዴ ብቻ ብትፈትሹት፣ በአማካይ ግማሽ ዓመት ሞቶ ይቆያል። ስለዚህ በምትፈልጉት ሰዓት የማይሠራ የመሆኑ ዕድል 0.44 በመቶ ይሆናል። በየወሩ ብትፈትሹ 0.037 በመቶ። ምንም ዕቃ ሳይለወጥ በ12 እጥፍ ተሻሻለ። የዝምታው ታይመር በየደቂቃው የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

11. መስክ ላይ

ዝናብ ሲዘንብ ንባቡ ከፍ ይላል። ብልሽት አይደለም። ዝናቡ በአየር ላይ ያሉትን የራዶን ልጆች (ራዶን የተባለው ጨረራማ ጋዝ ሲፈርስ የሚወለዱትን) ወደ መሬት ያወርዳቸዋል። እርሳስ 214 ግማሽ ዕድሜው 27 ደቂቃ፣ ቢዝመት 214 ደግሞ 20 ደቂቃ ነው። ዝናቡ ካቆመ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ አብዛኛው ይወርዳል። ከተቻለ አጠገቡ የዝናብ መለኪያ ትከሉ። በየዝናቡ የሚጮኽ ማንቂያ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ገመዱ ይነቀላል፤ የነቀለው ሰውም ማነው ቢባል አይገኝም።

ተበላሽቶ የመጣ መሣሪያ ሲደርሳችሁ አታጽዱት። ይህን የምለው አጽድቼ ስለማውቅ ነው። አንዴ ዜሮ ያሳያል ተብሎ አንድ ሣጥን መጣልኝ። ከፈትኩት፤ አቧራ ነበረው። ልማድ ሆኖብኝ በአልኮል ጠረግኩት። ሠራ! ለምን እንደሞተ ግን ማወቂያዬን አብሬ ጠርጌዋለሁ። ከሦስት ወር በኋላ ከአንድ ወቅት ምርት ሁለተኛው መጣ። እሱን መጀመሪያ ፎቶ አነሳሁት። ቮልቴጁን በ1 ጊጋ ኦሙ ለካሁ፤ 165። ከዚያ የላይኛውን ሬዚስተር አንድ እግር ቆርጬ ቦርዱ ላይ በቀሩት ሁለት ነጥቦች መካከል በኢንሱሌሽን ቴስተር (በጣም ትልቅ ሬዚስታንስ በሚለካ መሣሪያ) ለካሁ። ምንም ማሳየት አልነበረበትም። 700 ሜጋ ኦም አሳየኝ። ከሬዚስተሩ ሥር፣ ከቫርኒሹ በታች፣ ቢጫ የፍላክስ ቅሪት ነበር።